የካማርግን ነፋስ አስቀድማ ለነገረችን ጎሚስታ

ይህን የምጽፈው ለአንዲት ጎሚስታ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ የሮን ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር በሚገባበት በካማርግ፣ ሰንት ማሪ ደ ላ ሜር በምትባል ትንሽ ከተማ ብስክሌት ታከራያለች፤ ትጠግናለችም። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጽፈውም። ምስጋናው ግን በአደባባይ ሊነገር ይገባዋል።

አባቴ ባሕር ዳር ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸው 68 ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ገበያ፣ ለቅሶም ይሁን ሠርግ በዚያች ጥቁር የቻይና ብስክሌታቸው ነበር የሚሄዱት። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ወደምኖርበት ማርሴይ ሊጠይቁኝ መጡ። ሦስት ቀን ከተማውን ካዞርኳቸው በኋላ፣ «ልጄ፣ ሕንጻ አየሁ። ብስክሌት የሚነዳበት ሜዳ ግን የላችሁም?» አሉኝ።

መጀመሪያ በሌላ ከተማ ሞክረን ነበር። ገንዘባችንን አስቀድመው የተቀበሉን ሰዎች ለአባቴ የሰጧቸው ብስክሌት የኋላ ፍሬኑ የማይዝ፣ ኮርቻውም ከቁመታቸው ጋር የማይገናኝ ነበር። እንዲስተካከል ስጠይቅ «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚወስደው» ተባልኩ። አባቴ ምንም ሳይናገሩ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፉት፤ ወደ ቤታችን ተመለስን። ያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ነው በማግሥቱ በባቡር ወደ አርል፣ ከአርል በአውቶቡስ ወደ ሰንት ማሪ ያስኬደኝ።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ጎማና ማስቲሽ ትሸታለች። ባለቤቷ አርባዎቹን ያለፈች ሴት ናት፤ እጆቿ እስከ ክርኗ ግራሶ ነክቷቸዋል። ስለ ዋጋ ከማውራቷ በፊት አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ብስክሌት የነዱት መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቀጥላ ጉልበታቸውን፣ ከዚያም የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ። እኔ እያስተረጎምኩ እርሳቸው እንደ ተማሪ አንድ በአንድ መለሱ። ብስክሌቱን በቁመታቸው ልክ መርጣ ኮርቻውን ከዳሌያቸው አጥንት ጋር አስተካከለች። ከዚያ ደግፋ አስቀመጠቻቸውና ተረከዛቸውን ፔዳሉ ላይ እንዲያሳርፉ አደረገች። እግራቸው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ብቻ ብሎኑን አጠበቀችው። አባቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህቺ ልጅ ሥራዋን ታውቃለች» አሉ።

ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ወደ በሩ ወጣች። ሰማዩ አንድም ደመና የለበትም፣ አየሩም ጸጥ ያለ ነበር። ትንሽ ቆማ ተመለሰችና፣ «ዛሬ አላከራያችሁም» አለችን።

ምክንያቱን ለማስረዳት የወሰደችውን ጊዜ አልረሳውም። ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ከሰሜን የሮንን ሸለቆ ይዞ ይወርዳል፤ ሲበረታ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። ሲጀምር ሰማዩን ጠርጎ ስለሚያጠራው እንግዳ ሰው መልካም ቀን ይመስለዋል። የብስክሌቱ መንገድ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ነፋሱ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ጉልበታችሁ የበረታ ይመስላችኋል። ስትመለሱ ግን ፊት ለፊት ይጠብቃችኋል፤ በመንገዱም ላይ ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ መኪናም አይገባም። «አባትሽን እዚያ መሐል ነፋስ እንዲጥልብኝ አልፈልግም። ነገ ኑ» አለች። የዕለቱ ብቸኛ ደንበኞቿ ሳንሆን አንቀርም፤ ሱቋ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ባዶ እጃችንን ግን አልሰደደችንም። ከከተማዋ ወደ ሰሜን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የፖን ደ ጎ የወፎች መናፈሻ ላከችን። በእግር እየተዞረ ፍላሚንጎ የሚባሉትን ረጅም እግር ያላቸው ሮዝ ወፎች በጥቂት ሜትሮች ርቀት የሚያዩበት ስፍራ ነው። እዚያ አባቴ የአንዳንዶቹ እግር ላይ ፊደል የተጻፈበት የፕላስቲክ ቀለበት አዩና ጠየቁ። በአካባቢው ያለው፣ ሉክ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1954 የመሠረተው የቱር ዱ ቫላ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ለጫጩቶች የሚያስረው ነው። ቀለበቱ ከሩቅ በመነጽር ስለሚነበብ አንዲት ወፍ የት ደርሳ እንደተመለሰች ይታወቃል። አባቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ ላይ እንደነገሩኝ ያስታወሱት አብያታን ነው። ዝዋይ ወጣት መምህር ሳሉ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር ወርደው ያንኑ ቀለም አይተው ነበር። የአብያታ ውኃ ከዚያ ወዲህ እየሸሸ መሄዱን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ መጣ። የአደባባዩ የፕላስቲክ ወንበሮች ሲንከባለሉ፣ እኛም የእንግዳ ማረፊያችን መስኮት አልዘጋ ብሎን ስንታገል አባቴ፣ «እግዜር ይስጣት» አሉ።

ሚስትራል አንዳንዴ ለቀናት አይለቅም፤ የእኛው ሌሊቱን ረገበ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሱቋ ስንደርስ ብስክሌቶቹ ውጪ ቆመው ይጠብቁን ነበር። አባቴ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው፣ «ይህ እኮ ጎድሏል፣ ልጄ» አሏት። ሆን ብላ ነበር ያጎደለችው። መንገዱ ጠጠርና አሸዋ ስለሆነ በጣም የተነፋ ጎማ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል፤ ትንሽ የለሰለሰው ግን ተዘርግቶ ያልፋል። በአስፋልት ላይ ብቻ ለነዱት ለአባቴ አዲስ ትምህርት ነበር፤ ደስ ብሏቸው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። መንፊያ፣ ልጣፊ፣ ማስቲሽና አራት ጠርሙስ ውኃ አስያዘችን። መንገዱ ላይ የሚጠጣ ውኃ የለም።

የነዳንበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባሕሩ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የተሠራ ረጅም ግድብ ነው። በቀኝ ባሕሩ፣ በግራ ጨዋማ ሐይቆች ናቸው። ከሐይቆቹ ትልቁ ቫካሬስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የተከለለ ነው። አካባቢው በሙሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 የክልል የተፈጥሮ ፓርክ ሆኗል። በመከር ወራት በጨዋማው መሬት ላይ የሚበቅለው አጭር ተክል ደም ይመስላል። ነጫጭ ፈረሶች ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ፤ ሲወለዱ ጥቁር ወይም ቡናማ ሆነው ከዓመታት በኋላ ነው የሚነጡት። ፍላሚንጎዎቹ ምንቃራቸውን ገልብጠው ጭቃውን ያጣራሉ፤ ሮዝ ቀለማቸውም ከዚያ ከሚለቅሙት ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት የሚገኝ ነው። አባቴ በእርጋታ እየነዱ ከፊቴ ሄዱ። ጀርባቸውን ሳየው ልጅ ሆኜ ከኋላቸው ተቀምጬ የማየው ያው ቀጥ ያለ ጀርባ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1882 የተሠራው የጋሾል የመብራት ማማ መታየት ሲጀምር የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አባቴ ብስክሌቱን ገለበጡት፤ ቸርኬውን ፈትተው የውስጡን ጎማ መዝዘው አወጡት። ቀዳዳውን የምንፈልግበት የውኃ ሳህን አልነበረንም። ጎማውን ትንሽ ነፍተው ጉንጫቸው ላይ አስጠግተው ቀስ እያሉ አዞሩትና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «እዚህ ጋ ነው።» የወጋው የዛጎል ስባሪ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ማስቲሹን ቀቡና ልጣፊውን ላቀብላቸው ስል እጄን ያዙት፤ «አትቸኩዪ። ማስቲሽ ካልደረቀ አይዝም።» እርሳቸው ሲጠብቁ እኔ ውኃ ጠጣሁ፤ ወፎቹ ከራሳችን በላይ ተሰልፈው አለፉ።

ስንመለስ ለጎሚስታዋ የሆነውን ነገርኳት። የተጠቀምንባቸውን ዕቃዎች ልክፈል አልኩ፤ አልተቀበለችም። ጎማውን አውጥታ የአባቴን ልጣፊ በጣቷ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው። «ማን ነው የሠራው?» አባቴን አመለከትኩ። አዲስ ጎማ ትተካለች ብዬ ስጠብቅ መልሳ ከተተችው፤ ነፋችውና ብስክሌቱን ከሚከራዩት ጋር አቆመችው። «ከእኔ ይሻላል፤ አልነካውም» አለች። ይህን ሳስተረጉምላቸው አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሷት።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ የአውሮፓው ጸደይ (ከመጋቢት እስከ ግንቦት) እና መከር (ከመስከረም እስከ ኅዳር) ይሻላል፤ የእነርሱ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ያቃጥላል፣ ትንኙም በዚያ ጊዜ ይበረታል። መከር ላይም ቢሆን የትንኝ ቅባት ያዙ። ከከተማዋ እስከ መብራት ማማው ደርሶ መልስ ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ለማየትና ለማረፍ ጊዜ ስጡት። ከመንገዱ ወጥታችሁ ወደ ወፎቹ አትቅረቡ፤ ሲደነግጡ ሁሉም ይነሳሉ። በፈረንጆቹ ሜይ መጨረሻ ላይ፣ 24 እና 25፣ ሮማ የሚባሉት በአውሮፓ ተበታትነው የሚኖሩ ሕዝቦች የጥቁሯን ቅድስት ሣራን ሐውልት ወደ ባሕር የሚያወርዱበት ክብረ በዓል አለ፤ ከተማዋ ስለምትጨናነቅ ማረፊያ አስቀድማችሁ ያዙ።

የጎሚስታዋ ዋጋ በአካባቢው ካየነው አይበልጥም። ወላጆቻችሁን ወይም ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ወደ እርሷ ሂዱ፤ አድራሻዋን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። «ዛሬ አይሆንም» ካለቻችሁ እሺ በሏት። ስትደርሱም፣ ጎማውን የለጠፉት የባሕር ዳሩ መምህር ሰላም ብለውሻል በሏት።