ኤክስ-ፕሌን፦ ማረፍ ላስቸገረው ተማሪ አብራሪ ይጠቅማል ወይ?

አዎ ይጠቅማል፣ ግን ለሁሉም ነገር አይደለም።

ኤክስ-ፕሌን በኮምፒውተር ላይ በረራን የሚያስመስል ፕሮግራም (ሲሙሌተር) ነው። ደሴ ቤታችን የጫንነው ለጨዋታ አልነበረም። ታናሽ እህቴ አብራሪነት እየተማረች ነው። ለብቻዋ በረራ ወጥታ ስታርፍ አውሮፕላኑ ተጎዳ። እሷን ምንም አልነካት፣ ተመስገን። እማዬ «አንቺ ትረፊልኝ እንጂ ብረቱስ ይሰበር» አለቻት፤ እሷ ግን ምን እንደተፈጠረ ሳይገባት ተመልሳ መብረር ከበዳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍጥነቷ በዝቶ ነበር። የፊት ጎማው ቀድሞ አስፋልቱን መታና አውሮፕላኑ ነጠረ። ሰው ሲደነግጥ እንደሚያደርገው መሪውን ወደፊት ገፋች፣ ይሄኔ የፊት ጎማው በባሰ ኃይል ተመልሶ መታ፣ እንደገና ነጠረ፣ በመጨረሻ የፊት እግሩ ታጠፈና ፕሮፔለሩ መሬት ነካ።

ኤክስ-ፕሌን ላይ ባለው ሴስና 172 በተባለው ትንሽ አውሮፕላን ይህንኑ ደጋግመን ሠራነው። በ65 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ ስትገባ ደህና ይቀመጣል። በ75 ስትገባ መሬቱ ላይ እየተንሳፈፈ አልቀመጥም ይላል፣ አስገድደሽ ልታስቀምጪው ስትይ ይነጥራል። ክፉኛ ከነጠረ መፍትሔው ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ እንደገና መነሳት ነው። እጇ ይህን ሳታስብ እስኪያደርገው ድረስ ተለማመደች። ለእኔ ለዚህ ብቻ እንኳ ገንዘቡ ያዋጣል።

ከፍታንም በደንብ ይቆጥራል። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ያልፋል፣ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት ጠቋሚው 65 እያለ አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄድበት ፍጥነት ከ70 ኖት በላይ ስለሚሆን መሬቱ ሲሮጥባችሁ ታያላችሁ። እሱን አይቶ ፍጥነት የቀነሰ ተማሪ ክንፉ መሸከም ሊያቅተው ይችላል፣ ስለዚህ ዓይን ጠቋሚው ላይ ይሁን። ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል። ከአየሩ ጋር የሚደባለቀውን ነዳጅ ሳትቀንሱ ለመነሳት ብትሞክሩ የባሰ ይደክማል።

ድክመቱ የመጨረሻዋ ቅጽበት ላይ ነው። አፍንጫውን ቀና የምታደርጉበትን ከፍታ በአንድ ጠፍጣፋ ስክሪን መገመት በጣም ያስቸግራል፣ ምክንያቱም በጎን የሚታይ ነገር የለም፣ ወንበሩም ምንም አይነግራችሁም። አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞር የእግር ፔዳል ከሌላችሁ ደግሞ የጎን ንፋስን እርሱት። ይህንን የሚያስተምረው አስተማሪ አብሮ ተቀምጦ ነው።

ኮምፒውተሩም ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ነፃ የሙከራ ቅጂ ስላለው ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ጭናችሁ ማሽናችሁ መቻሉን እዩ።