ያገለገለ ማንዶሊን ለባህላዊ ዜማ፦ የቱ ይገዛል፣ የቱ ይቀራል?

ለባህላዊ ዜማ የሚሻለው ፊቱ ላይ እንቁላል የመሰለ ቀዳዳ ያለው፣ ጀርባው ዝርግ ወይም በጥቂቱ የጎበጠ፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ማንዶሊን ነው። ድምፁ ሞላ ይላል፣ ቶሎም አይጠፋም። እንደ ቫዮሊን ሁለት ጠመዝማዛ ቀዳዳ ያለው ድምፁ ስል ስለሆነ በብዙ መሣሪያ መሀል ለመሰማት ይጠቅማል። ትከሻው ላይ የተጠቀለለው ጌጥ ግን ዋጋ እንጂ ድምፅ አይጨምርም።

ዕቃው ሳይቃኝ አይመረመርም፤ የላላ ክር ብዙ ጉድ ይደብቃል። ስምንቱ ክሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ በሚባሉት ድምፆች ላይ ሲወጠሩ እንደ ውፍረታቸው ከ60 እስከ 80 ኪሎ በሚደርስ ጉልበት አንገቱን ይስባሉ። ሩብ ሰዓት እንደተወጠረ ይቆይና ምርመራው ይጀመር።

መጀመሪያ አንገቱ። ወፍራሙን የጂ ክር 1ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች የመጀመሪያው) ላይና አንገቱ ከሳጥኑ በሚገጥምበት ፍሬት ላይ ተጭኖ ይዞ 7ኛው ላይ ያለውን ክፍተት ማየት ነው። አንድ ሁለት ወረቀት ቢያሾልክ ጤነኛ ነው። የባንክ ካርድ ከገባ አንገቱ ጎብጧል። ውስጡ የሚጠብቅ የብረት ዘንግ ካለ ሊቃና ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1920 በፊት የተሠሩት ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማንዶሊኖች ግን ይህ ዘንግ የላቸውም።

ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ይለካል፤ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ለእጅ ይመቻል። ከፍ ካለ የብርኩማውን፣ ማለትም ክሮቹን ፊቱ ላይ ደግፎ የያዘውን እንጨት፣ ከፍታ ማስተካከያ ጎማዎች ማየት ያስፈልጋል። ጎማዎቹ እስከ መጨረሻው ወርደው ክሩ አሁንም ከፍ ካለ የአንገቱ ማዘንበያ ተበላሽቷል፣ ጥገናው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ይቅር። ፊቱንም ከጎን፣ ዓይንን ዝቅ አድርጎ ማየት ነው፤ ብርኩማው ሥር ሰምጦ ከሆነ እንደዚሁ። በጣት አንጓ ሲመታ ውስጡ ከተንኳኳ ደግሞ የተለጠፈው ማጠናከሪያ እንጨት ለቋል።

12ኛው ፍሬት ላይ ድምፁ መሳቱ ግን የሚያስጥል ጉድለት አይደለም። ብርኩማው አልተጣበቀም፣ በክር ጫና ብቻ የቆመ ነው። ድምፁ ከከረረ ብርኩማውን ከአንገቱ አርቆ፣ ከላላ ወደ አንገቱ አስጠግቶ በትንሹ ማንሸራተት ይበቃል። ብዙ ደህና ማንዶሊን በዚህ ሰበብ ይጣላል፣ ያሳዝናል።

መቃኛዎቹ ሲዞሩ ከደረቁ ጠብታ ዘይት ይፈታቸዋል። ጥርሳቸው ከተበላ ግን ቅኝት አይይዙም፤ በድሮ ዕቃ ላይ ደግሞ የዘንጎቹ ርቀት ከአዲሶቹ ጋር ስለማይገጥም ምትክ ማግኘት ያስቸግራል።

ጀርባው እንደ ቅል የከበበው የጣሊያን ዓይነት ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊቱ ስስ ነው፤ ቀጭኑ ክር 0.009 ኢንች የሆነ ፓኬት ይበቃዋል። የዘመኑ ወፍራም ክር ከታሰረበት ፊቱ ከብርኩማው ኋላ ይሰበራል። ክር ሲቀየርም አንድ ጥንድ ፈትቶ፣ አስሮ፣ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው፤ ሁሉም አንዴ ከተፈታ ብርኩማው ይወድቃል፣ ቦታውም ይጠፋል።