ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው ራም እና ሁለት የላፕቶፕ ሱቆች

ዘንድሮ ለገና ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ በሻንጣዬ ከያዝኋቸው ስጦታዎች ሁሉ በመጠኑ ትንሹ፣ እኔ ግን አብዝቼ የኮራሁበት፣ ለእህቴ ልጅ የገዛሁላት 16 ጊጋ ራም፣ ማለትም የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማስታወሻ ነበር። ልጅቱ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፤ ላፕቶፗ 8 ጊጋ ራም ብቻ ስላለው ሬቪት የተባለውን የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም በከፈተች ቁጥር ማሽኑ እየተንቀራፈፈ ሌሊቷን ይበላባታል። አዳዲሶቹ የሬቪት ቅጂዎች ቢያንስ 16 ጊጋ እንደሚጠይቁ አውቅ ነበር። ይሁን እንጂ «ሌኖቮ ቲንክፓድ ነው» ብላ በቴሌግራም ስትነግረኝ የትኛው ቲንክፓድ እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ አዲሱ መቼም ከአሮጌው ይሻላል በሚል ስሌት ዲዲአር5 የተባለውን አዲሱን የራም ትውልድ ገዝቼ ሄድሁ።

ቤት ደርሼ ላፕቶፑን ገልብጬ ባየው ቲ480 ነው። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን የሚቀበለው የቀደመውን ትውልድ፣ ዲዲአር4ን ብቻ ነው። የላፕቶፕ ዲዲአር4 260 ፒን (ከማሽኑ ጋር የሚገናኝባቸው ወርቃማ ጥርሶች) ሲኖረው በ1.2 ቮልት ይሠራል፤ ዲዲአር5 ደግሞ 262 ፒን አለው፣ የሚጠቀመውም 1.1 ቮልት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ፤ በፒኖቹ መካከል ያለችው ክፍተት ግን በሁለቱ ላይ ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ ውስጥ አይገባም። ክፍተቷ የተቀመጠችው እንደ እኔ ያለውን ችኩል ሰው ለማስቆም ነውና በጉልበት የሚሞክር ማዘርቦርዱን፣ ማለትም የማሽኑን ዋና ሰሌዳ ይሰብራል።

በማግሥቱ የሄድንበት የመጀመሪያው ሱቅ ለቤታችን ቅርብ ስለነበረ ብቻ የመረጥነው ነው። ባለሱቁ የማሽኑን ሞዴል አልጠየቀም። «ጋሼ፣ ዲዲአር4 እስከሆነ ድረስ የትኛውም ይገባል» አለና ከመሳቢያው ማሸጊያ የሌለው 16 ጊጋ ራም አውጥቶ ወርቃማ ፒኖቹን በሸሚዙ ጫፍ ጠራርጎ፣ ባትሪውን ሳያላቅቅ ከነባሩ ራም አጠገብ ሰካው። ኃይል ባልተቋረጠበት ማሽን ላይ ራም መሰካት ራሱንም ማዘርቦርዱንም ሊያቃጥል እንደሚችል የማውቀው ሰውዬ በዚያች ቅጽበት ለምን ዝም እንዳልሁ እስካሁን አልገባኝም። ስክሪኑ ላይ 24 ጊጋ ሲታይ በቴሌብር ከፍለን ወጣን። ማታ ልጅቱ የሕንፃ ሞዴሏን ስትከፍት ሰማያዊው የስህተት ገጽ መጣ፤ ደግማ ብትሞክር ደግሞ መጣ። ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ ጭኜ ባስነሳው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀያይ የስህተት መስመሮች ይደረደሩ ጀመር። አዲሱን ራም አውጥቼ በነባሩ ብቻ ስፈትሽ አንድም ስህተት አልታየም። ይህን ሁሉ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ብወስድለትም ባለሱቁ በመጀመሪያ «የማዘርቦርድ ችግር ነው»፣ ቀጥሎም «ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም» ሲል ቆይቶ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ለሠራተኛ በሚል የተወሰነ ቆርጦ ገንዘቡን መለሰልን። ደረሰኝ ስላልሰጠን ከዚያ በላይ የምንከራከርበት መሠረት አልነበረንም።

ሁለተኛው ሱቅ መገናኛ አካባቢ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወጣቱ ቴክኒሻን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት «ማሽኑን ይዘውት መጥተዋል?» ሲለኝ ደረጃው ያደከመኝን ሁሉ ረሳሁት። ልጅቱ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭና ታስክ ማናጀርን እንድትከፍት አደረገ፤ የሜሞሪው ገጽ ከሁለቱ ማስገቢያዎች አንዱ ብቻ መያዙን አሳየ። ቀጥሎ ባዮስ በተባለው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ የውስጡን ባትሪ አጠፋ፣ የውጪውን ነቀለ፣ ስድስቱን የታች ክዳን ብሎኖች በካቻቢቴ አላላ፤ ከዚያም በእጁ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሙል ለማስወገድ ብረት ነክቶ ክዳኑን በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን ፈለቀቀው። ነባሩ ራም ላይ «1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400ቲ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ፒሲ4 ማለት ዲዲአር4 እንደሆነና 2400 ፍጥነቱን እንደሚናገር ለልጅቱ ጣቱን እያስጠጋ ካስረዳት በኋላ 2666 እና 3200 የተጻፈባቸውን ሁለት ራሞች አቀረበልን። እኔ ልማዴ ነውና ወደ 3200 ሳዘነብል፣ የዚህ ማሽን ፕሮሰሰር ከ2400 በላይ ስለማይፈቅድ ሁለቱም ወደዚያው ፍጥነት እንደሚወርዱ ነግሮኝ ርካሹን ሸጠልኝ።

8 እና 16 አብረው ይሠሩ እንደሆነም ጠይቄው ነበር። ይሠራሉ፤ ከሁለቱም 8 8 ጊጋ ተጣምሮ በሁለት መስመር ሲሄድ የቀረው 8 ጊጋ በአንድ መስመር ይሄዳል፤ ሁለት እኩል ራም የተሻለ ቢሆንም ነባሩን ጥሎ ተጨማሪ ለመግዛት የሚያበቃ ልዩነት በእሷ ሥራ ላይ አያመጣም ብሎ መለሰልኝ። አዲሱን ራም ሰያፍ አድርጎ ፒኖቹ ሊሰወሩ ጥቂት እስኪቀራቸው ገፋው፤ ከዚያ ወደ ታች ሲጫነው ግራና ቀኝ ያሉት መያዣዎች ቀጭ ብለው ያዙት። ማሽኑ ሲበራ ስክሪኑ ለረጅም ሰኮንዶች ጥቁር ሆኖ በመቆየቱ የእህቴ ልጅ ክንዴን ጨብጣ ስትይዘኝ፣ ቴክኒሻኑ ዞር ሳይል «አይዞሽ፣ ገና እየተዋወቁ ነው» አላት። ሜምቴስት86ን አስጀምሮልን ምሳ በልተን ስንመለስ አንድ ሙሉ ዙር ያለ ስህተት አልቆ አገኘነው፤ ገንዘቡን የተቀበለንም ያኔ ነው።

ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ቢሆንም የራሙ መለያ ቁጥርና የሦስት ወር ዋስትና ሰፍሮበታል። የመግጠሚያ አልጠየቀንም። ለራሙ የከፈልሁትን እዚህ ያልጻፍሁት ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ቴክኒሻኑም የዛሬው ዋጋ ለዛሬ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ነግሮናል። የምነቅፍበት ነገር ቢኖር ለደንበኛ ያለችው አንዲት ወንበር ብቻ መሆኗና ወረፋውን የሚይዝ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ከእኛ በኋላ የመጡ ሁለት ሰዎች ቀድመውን ተስተናግደዋል።

ዲዲአር5ቱንም አሳይቼው ነበር። አገላብጦ አየና ዕቃው ጥሩ እንደሆነ፣ እሱ ግን ቢገዛኝ በርካሽ እንደሚሆን ነግሮኝ ወደ ማሸጊያው መልሶ ሰጠኝ። አሜሪካ ስመለስ የገዛሁበት ሱቅ የመመለሻ ጊዜ አልፎ ስለጠበቀኝ አሁን ከነማሸጊያው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።