«ጋሼ፣ ይፈታ ነው ያሉት፤ ይኸው ተፈታ»

ወገኖች፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። የፒክአፕ ካሶኒ፣ ማለትም የኋላ ጭነት መያዣውን፣ ልታስወርዱ ወይም ልታስቀይሩ ጋራዥ ለመግባት ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡና ሂዱ።

የጋራዡን አለቃ ታውቁታላችሁ። ጨርቅ ትከሻው ላይ፣ ስልክ ጆሮው ላይ፣ መኪናዋ ሥር ጎንበስ ብሎ ሳያይ «ቀላል ነው» የሚል። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ከሱ በፊት የሠራላችሁን መካኒክ ይሰድባል። ግቢው ውስጥ ተፈታተው የቀሩ መኪኖች ሞልተዋል፤ ለሁሉም «ባለቤቱ ዕቃ እያመጣ ነው» ይላል።

የኔዋ አሮጌ ሃይሉክስ ነች። ከኔ በፊት የነበራት ሰው ከደብረ ብርሃን በግ ሲያመላልስባት የኖረ ነው፤ የበግ ሽንት ደግሞ ብረት አይምርም። ካሶኒውን ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የታች አጽም፣ ጋር የያዙት ብሎኖች ከነማሰሪያ ዳዷቸው አንድ ብረት ሆነዋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ የብሎኑ ጥርስ መሀል ገብቶ ያብጣል፤ ዝም ብለው በጉልበት ካሉት ወይ አናቱ ይላጣል ወይ ብሎኑ ይበጠሳል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ዝገት ማስለቀቂያ ተረጭቶበት ያድራል፣ ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፣ በስድስት ማዕዘን ቡሶላ (የብሎኑን አናት ዙሪያውን በሚይዘው መፍቻ) ጠበቅ ላላ እየተደረገ ይወጣል፣ እንቢ ያለው ብቻ አናቱ በግራይንደር ይቆረጣል። እሳት ግን አይነካውም፤ ካሶኒው ሥር የነዳጅ ታንከር አለ፣ የኋላ መብራት ገመድ አለ፣ የፍሬን ቱቦ አለ። «እሳትማ ምን ሲደረግ ጋሼ! በትዕግሥት ነው የምንፈታው» አለኝ። ለዚህ ትዕግሥት 6,000 ብር ተስማምተን ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ።

መኪናዋ እዚያው አደረች። ጠዋት ስመጣ አንዱም ብሎን ላይ የዘይት ምልክት የለም። በጣቴ ስነካው ዝገቱ እንደ በርበሬ ዱቄት ይረግፋል። «ተረጭቷል፤ ጠጥቶት ነው» አለኝ ረዳቱ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

እዚያው ቆምኩ። የፊቶቹ ብሎኖች እየጮኹም ቢሆን ወጡ። ይሄኔ አለቃው መጣና «ጋሼ፣ ምን ያቆምዎታል፣ ማዶ ቡና ይጠጡ እንጂ» አለኝ። አቦሉን ሳልጨርስ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ቀለምና የተቃጠለ ፕላስቲክ አብሮ። ሮጬ ስገባ አንዱ ልጅ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ በኦክሲጅን ይቆርጣል። እሳቱ ከታንከሩ አንድ ክንድ አይርቅም። አጠገቡ እሳት ማጥፊያ የለ፣ እርጥብ ጆንያ የለ። የመብራት ገመዱ ቀልጦ ሻንሲው ላይ ተለጥፏል፤ የቱ የፍሬን መብራት የቱ የፍሬቻ እንደሆነ አይለይም። ብሎኑ የሚገባበት የሻንሲው ቀዳዳ ክብ የነበረው ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፤ ጠርዙ ላይ የቀለጠ ብረት ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ መነጽሩን ገፋ አድርጎ አለቃውን አየ። አለቃው ስልክ ላይ ነው፤ በእጁ «ቆይ» አለኝ። እኔን! የሚያወራው ደግሞ ስለ ሌላ መኪና ጎማ ነበር፣ እየሳቀ። ተረጋግቶ ጨርሶ መጣና «ጋሼ፣ ይፈታ ነው ያሉት፤ ይኸው ተፈታ» አለኝ። ረዳቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ስለ ስምምነታችን ስጠይቀው «ይሄ በቡሶላ የሚወጣ ይመስልዎታል? መካኒክ ነዎት እንዴ?» አንዱ ከኋላ «ፋዘር ዩቲዩብ አይተው ነው» ሲል ሰማሁት።

ሒሳቡን ስሙልኝ። 14,000። ከ6,000ው ላይ ለኦክሲጅን 4,000፣ ለአዲስ ብሎን 1,500፣ «የዝገት ተጨማሪ» ደግሞ 2,500። የዝገት ተጨማሪ! ዝገት ባይኖርማ እዚያ ግቢ ምን ልሠራ እገባለሁ?

ብሎኑም ቢሆን ያው ነው። የፋብሪካው ብሎን አናቱ ላይ የጥንካሬ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ከገበያ የሚገዛውም ደህናው 8.8 ይላል። እነሱ ያሰሩልኝ ልሙጥ ነው፣ ምንም አይልም። ግራሶ አልነካውም፣ ግማሹ ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባው ክብ ቀለበት) እንኳ የለውም። እንግዲህ ሲሚንቶ ጭኜ ኮረኮንች ስወርድ ካሶኒውን የሚይዝልኝ ይሄ ነው።

ቁልፌ ኪሱ ውስጥ ነበር። ከፈልኩ፣ ምን አደርጋለሁ። ደረሰኝ ስለው ከደብተር ቀደደና «ጥገና» ብሎ ጻፈልኝ፤ ማህተም የለ፣ ፊርማ የለ። ወደ ቤት ስመለስ ደግሞ ትራፊክ አስቆመኝ፦ የፍሬን መብራት አይሠራም።

ለማንኛውም ዝገት ማስለቀቂያውን ቤታችሁ ራሳችሁ ርጩት፣ ደጋግማችሁ አሳድሩት። ብሎኑን ቁጥሩን አይታችሁ ገዝታችሁ ሂዱ። የግድ እሳት ነው ካሏችሁ መጀመሪያ ታንከሩ ይውረድ፣ ገመዱ ይነቀል፤ እንቢ ካሉ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቀብድ አትስጡ።

እኔ ሶማሌ ተራ የኋላ መብራት ገመድ ልፈልግ እየወጣሁ ነው። መሀሉ ተቆርጦ ያልተቀጠለ፣ ሙሉውን የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።