የደብረ ብርሃን ሬዲዮ ልጆች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

አባቴ ተገኝተዋል። ደህና ናቸው። ስትደውሉ፣ ስትጸልዩ የነበራችሁ ሁሉ ክበሩልኝ። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ኤፍ ኤም ደብረ ብርሃን 91.4 ልጆች ነው። ዝም ብዬ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ላልሰማችሁ፣ አባቴ ከመንዝ ለህክምና መጥተው እኔ ጋ ነው የከረሙት። የመርሳት ነገር አለባቸው። አንድ ቀን ከሰዓት ማንም ሳያያቸው ከግቢ ወጡ። ወሩ ህዳር ነው። የደብረ ብርሃንን የህዳር ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እንዲያው በከንቱ አልተተከለባትም። ሽማግሌ ሰው ውርጭ ላይ ካደረ አለቀ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። «24 ሰዓት ይሙላው» አሉኝ። ሌላ ቦታ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰውዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። መቼም የማያልቅ ስብሰባ! ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ብር ተቀብሎ ፎቷቸውን ለጠፈና ስልኬን አሳስቶ ጻፈው። በስንት ልመና ሲያስተካክሉት ደግሞ ቀድመው የደወሉት ሌቦች ናቸው። «አግኝተናቸዋል፣ መጀመሪያ ትንሽ ብር አስገባ» ይላሉ። በሰው አባት!

ሬዲዮ ጣቢያው ስደርስ መሽቷል። ጥበቃው ፊቴን አይቶ ብዙም አልጠየቀኝም፣ ገብቶ አንዲት ጋዜጠኛ ጠራልኝ። የያዝኩትን ወረቀት አነበበችው። ዕድሜ፣ መልክ፣ ቁመት፣ «ወፍራም ልብስ የደረቡ» ይላል።

«የደረቡት ባና ነው?»

አዎ አልኳት።

«ታዲያ ባና በል እንጂ ወንድሜ። የሚሰማህ እኮ ገበሬ ነው።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ ጠየቀችኝ። ግራ ሲገባቸው ምን ይላሉ? ወዴት ልሂድ ነው የሚሉት? ሁልጊዜ «በሬዎቼ ሳይገቡ መሸ» እያሉ ነው የሚነሱት አልኳትና እንባዬ አመለጠኝ። ሻይ አስመጣችልኝ። እሷ መጻፏን አላቆመችም። ስለ ክፍያ ስጠይቃት «እሱ ይደርሳል፣ አባባ ይገኙ» አለችኝ።

ሲነበብ እዚያው ቆሜ ሰማሁት። «የመንዝ ባና የደረቡ አባት ናቸው። በሬዎቼ አልገቡም ቢሏችሁ አትከራከሯቸው። ገብተዋል በሏቸው። ትኩስ ነገር ስጧቸውና ደውሉልን።» በየመሃሉ እየደጋገሙ አነበቡት።

አባቴ ለካ ጉዶ በረት ደርሰዋል። ማን እንዳሳፈራቸው እስካሁን አናውቅም። ወደ መንዝ የሚታጠፈው ከጉዶ በረት አለፍ ብሎ ጣርማበር ላይ ነውና አቅጣጫውስ አልጠፋቸውም ነበር። በዚህ ጊዜ ማታ ለማያውቀው ሰው በር የሚከፍት የለም፣ አይፈረድበትምም። እዚያ ያሉ አንዲት እናት ግን ሬዲዮናቸው አጠገባቸው ነበር። ደጅ ላይ አንድ ሽማግሌ ስለ በሬ ሲያወራ ሲሰሙ «ገብተዋል አባቴ፣ ሁሉም ገብተዋል» ብለው ከፈቱላቸው። እሳት ዳር አስቀምጠው ቡና አጠጥተው ነው የደወሉት።

ሬዲዮ ማን ይሰማል የምትሉ የከተማ ልጆች፣ እስኪ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ በሉ። ኔትወርክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባትሪ ድንጋይ ግን አለ። ሞገዱ ያንን ሁሉ ተራራና ገደል እንዴት እንደሚያልፈው አይገባኝም፣ አንዳንድ ቦታም ይንጫጫል። ብቻ ጉዶ በረት ደርሶልኛል። አባቴ ደግሞ ነገሩን ሲሰሙ «እንግዲያው በሬዎቹንም ያስነግሩልኛ» ብለው አስቀውናል።

ሰው አይጥፋባችሁ። ከጠፋባችሁ ግን እዚህም እዚያም ስትንከራተቱ ሰዓት አታቃጥሉ፣ ሬዲዮ ጣቢያውን አስቀድሙ። ደግሞ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ በሬዲዮ ፎቶ አይታይም። የለበሱትን፣ በሰፈር የሚጠሩበትን ስም፣ አፋቸው ላይ የማይጠፋውን ነገር አስባችሁ ሂዱ። እነሱ አሳምረው ይነግሩላችኋል። ሂዱ፣ አታፍሩ፣ ያስተናግዷችኋል።

ልጅቷ ስሜን እንዳትጠቅስ ስላለችኝ አልጠቀስኩም። አለቆቿ ይህን ካነበባችሁ ግን የትኛዋ እንደሆነች አትጠፋችሁም።