ጭራሽ የማይዞረው ይሻላል ወይስ እየዞረ የማይነሳው?

ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሄደው ሁለት ቀረበልዎት እንበል። አንዱ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሌላው ከብዙ ልመና በኋላ ይነሳል። ብዙ ሰው «ቢያንስ ይነሳል» ብሎ ሁለተኛውን ይመርጣል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ጠጋ ብዬ ባየው እመርጣለሁ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። መጀመሪያ ባትሪው ሞተሪኖ ለሚባለው ማስነሻ ኃይል ይሰጣል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል። ከዚያ ሞተሩ ራሱ ነዳጅ አቃጥሎ ይቀጥላል። መኪናው ጭራሽ አልዞር ካለ ችግሩ በአብዛኛው ከሞተሩ ውጪ ነው፤ ባትሪ፣ የላላ ሽቦ ወይም ሞተሪኖ። ተፈቶ ይቀየራል። እየዞረ አልነሳ ካለ ግን ነገሩ ከካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው) ጀምሮ እስከ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ቫልቭ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

የማይዞረው

ድምፁን ይስሙ። ቶሎ ቶሎ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ካለና የዳሽቦርዱ መብራት ከፈዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ሽቦው በደንብ አልያዘም። አንድ ጊዜ ብቻ «ጧ» ብሎ መብራቱ ካልደበዘዘ ሞተሪኖውን ይጠርጥሩ። ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ጫፎች ይዩ። ነጣ ያለ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከጋገረባቸው ኤሌክትሪኩ እንደልብ አያልፍም። ማሰሪያውን ፈቶ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ መልሶ ማጥበቅ ብቻ መኪናውን የሚያስነሳበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቮልት መለኪያ ካለ ደግሞ ግምት አያስፈልግም። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ላይ ግማሹ አልቋል። ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አቅም የለውም። ከተነሳ በኋላ ከ13.8 እስከ 14.5 ካላሳየ ዲናሞው በትክክል አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ቢገዙም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል።

ከሌላ ባትሪ ኃይል ተሰጥቶት ወዲያው ከተነሳና በትክክል ከሞላ፣ ሌላው ነገሩ ደህና እስከሆነ ድረስ እኔ እገዛዋለሁ። አንድ አደገኛ ነገር ግን አለ። ሞተሩ ነክሶ (ውስጡ ተጣብቆ) ቢሆንስ? መካኒኩ የክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ በመፍቻ በእጁ ያዙረው። አልዞር ካለ ድርድሩ እዚያው ያብቃ። ሞተሩ ሲሠራ ሳይሰሙ ደግሞ በጭራሽ አይክፈሉ።

እየዞረ የማይነሳው

እዚህ ጋ ትልቁ ጥያቄ «መቼ ነው የሚያስቸግረው?» የሚለው ነው። ቀዝቅዞ ሲያድር ወይስ ሞቆ ሲቆም?

ቤንዚን መኪና ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግር ከሆነ ቀላል ሙከራ አለ። ቁልፉን ሞተሩ ሳይዞር እስከ መብራቱ ድረስ ብቻ ይክፈቱ። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ የነዳጅ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ከኋላ «እዝዝ» ሲል ይሰማል። ይዝጉት፣ ደግመው ይክፈቱት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገው ሲያስነሱት ቶሎ ከተነሳ፣ ሌሊት የነዳጁ ግፊት እየወረደ ነው ማለት ነው። ፓምፑ ወይም ኢንጀክተሩ (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ይታይ። ይሄ የሚያስሸሽ ነገር አይደለም።

ለውጥ ከሌለና ሞተሩ ከወትሮው ፈጠን ቀለል ብሎ የሚዞር ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ጤነኛ ሞተር ሲዞር እኩል እየተመታ ነው፤ አንዱ ምት ከላላ ያ ሲሊንደር ኮምፕረሽን (አየሩን የማመቅ ኃይል) የለውም። ያለ ምት ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ ታይሚንግ ቤልቱ (ቫልቮቹን ከሞተሩ ጋር የሚያስኬደው ቀበቶ) ሳይበጠስ አይቀርም። ኮምፕረሽን ይለካ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ካለፈ ጥሩ ምልክት አይደለም። ባነሰው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎ ሲለካ ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው አልቋል፤ ካልጨመረ ቫልቭ ነው ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍል ሥር ያለው ማሸጊያ)። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከታከለበት እኔ አልነካውም።

ጠዋት በደንብ ተነስቶ፣ ተነድቶ ለሩብ ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ የሚያስቸግረው ቤንዚን መኪና ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት የሚያደናግረው የክራንክ ሰንሰር፣ የተሳሳተ የውሃ ሙቀት ሰንሰር ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጠው ሲያስነሱት ከተነሳና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ በዝቶበታል።

ናፍጣ ላይ ሲሆን ፍርዱ ይገለበጣል። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ አያቀጣጥልም፤ በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ ጠዋት ብቻ አስቸግሮ ነጭ ጭስ እየተፋ የሚነሳና ሲሞቅ ቀጥ የሚል ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የማሞቂያው ካንዴላ ነው፤ ቀላል ሥራ ነው። ሞቆ ሲቆም አልነሳም የሚለው ናፍጣ ግን ያሳስበኛል። ነዳጁ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ያለቀ ኢንጀክሽን ፓምፕ ወይም የሚያሾልክ ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው) በቂ ግፊት መስጠት ያቅተዋል። የእነዚህ ጥገና ውድ ነው።

ሻጩ «ባትሪው ደክሞ ነው» ካለዎት ደህና ባትሪ በፊትዎ ይቀየርና ይሞከር። እውነት ከሆነ ችግሩ እዚያው ይጠፋል። አዲስ ባትሪ ታስሮበት እያለ የሚያንገራግር መኪና ደግሞ በሽታው ሌላ ቦታ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቅ ካለ እርስዎ ሳይመጡ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ይደር ይበሉ፣ ጠዋት ተመልሰው ራስዎ ያስነሱት። ሻጩ እሱን እምቢ ካለ ወደ ሌላኛው መኪና ይሂዱ።