ካላ ወይስ ነጭ አጋፓንተስ? ግቢያችሁን አይታችሁ ምረጡ

ችግኝ መሸጫ ሄዶ «ነጭ አበባ ያለው፣ በየዓመቱ የማይተከል ነገር ስጡኝ» ለሚል ሰው ካላ እና ነጭ አጋፓንተስ ጥሩ አማራጮች ናቸው። ሁለቱም መነሻቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። የአዲስ አበባ አየር ለሁለቱም ይስማማል። ሥር ከያዙ ደግሞ ለዓመታት ይቆያሉ። የሚለያዩት ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ አበባውን ከማየታችሁ በፊት ክረምት ላይ ግቢያችሁ ውስጥ ውሃ የሚተኛው የት እንደሆነ አስቡ።

ካላ በተፈጥሮው ረግረግና ወንዝ ዳር የሚበቅል ተክል ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ኩሬ ውስጥ እንኳን ይተከላል። እንደ አቃቂ ባለ ጥቁር አፈር ላይ ቤት ለሠራ ሰው፣ ክረምት ጭቃው አላስገባ ለሚለው፣ ካላ ግልግል ነው። የአሸንዳ ውሃ የሚወርድበት ጥግ ላይ ትከሉት። ከሰዓት በኋላ ጥላ ቢያገኝም አይከፋውም። ችግሩ በጋ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቅጠሉ ይዝላል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል። ሞተ ብላችሁ ግን አትንቀሉት፤ ከአፈር በታች ያለው ድንች መሰል ሥሩ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። እስከዚያው አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ ብትደፉለት ይበቃዋል።

አጋፓንተስ ተቃራኒው ነው። ወፋፍራም ሥሮቹ ውሃ ስለሚይዙ፣ አንድ ዓመት ተንከባክባችሁ ካስያዛችሁት በኋላ በጋውን ብዙ ሳያስቸግር ይወጣዋል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን ይበሰብሳል። ጸሐይም ይፈልጋል። ግንብ ጥላ ሥር ከተከላችሁት ቅጠል ብቻ ታሳድጋላችሁ። እንደ እንጦጦ ግርጌ ተዳፋት የሆነ ቀይ አፈር ላይ፣ ወይም በመኪና መግቢያው ግራና ቀኝ፣ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ጠባብ ማሰሮ ውስጥ ተጨናንቆም ያብባል። ቀንድ አውጣ ቅጠሉ ሥር መደበቅ ስለሚወድ ጠዋት ጠዋት ለቀም ማድረግ ነው።

ግዢው ላይ ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ አጋፓንተስ ስትገዙ ነው። ሰማያዊውም ነጩም ሳያብቡ በቅጠል አይለዩም። ከነጭ እናት የተወሰደ ዘርም ሰማያዊ ሊያወጣ ይችላል። ከዘር የበቀለው ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ፣ «ነጭ ነው፣ እመኑኝ» ያላችሁን ሻጭ በዚያን ጊዜ አታገኙትም። ወይ ያበበውን ግዙ፣ ወይ ከነጭ ተክል ተከፍሎ የወጣውን። ካላ ላይ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ሮዝና ቢጫ የሆኑት ካላዎች የተለየ ዝርያ ናቸው፤ እርጥብ ቦታ ላይ ይበሰብሳሉ። ለአሸንዳው ጥግ የሚሆነው ተራው ትልቁ ነጭ ነው።

ለአበባ ማስቀመጫ ካላ ይበልጣል፤ ይሄ ለእኔ አያከራክርም። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ያ ነጩ የአበባ ቅጠል አይደለም፤ የተጠቀለለ የአበባ ሽፋን ነው። እውነተኞቹ አበቦች መሃሉ ባለው ቢጫ ዘንግ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ የማይረግፈው። አጋፓንተስ አንድ አገዳ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ አበቦች አሉት፤ ተራ በተራ ስለሚከፈቱ ግቢ ውስጥ ብዙ ይቆያል፣ ቤት ሲገባ ግን ጠረጴዛውን ያቆሽሻል።

ልጅ ወይም እንስሳ ካለ ሁለቱም አይበሉም። በተለይ ካላ ውስጡ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ስላሉት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ለበዓል የመጣውን በግ አጠገቡ አትሰሩ።

ሁለቱንም ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ትከሉ፤ ካላን 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቅበሩት፣ አጋፓንተስን ግን አንገቱ፣ ማለትም ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን።